ራሱን የሚጠብቅ ቁጥር

ወደ ጉዳያችን ከመግባታችን በፊት የእጅ ስልካችሁን አንሡና ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ፣ ስድስት፣ መሰላል የሚሉትን ተጫኑ። አሥራ አምስት አኃዝ ያለው አንድ ረጅም ቁጥር ብቅ ይላል። ቀፎው ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝ ከሆነ ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ። ይህ የቀፎው መለያ ነው። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የቀፎ ምዝገባ ሲጀመር ብዙዎቻችን ስለዚህ ቁጥር የሰማነው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ተመልሶ ያየው ሰው ጥቂት ይመስለኛል።

የማንንም ሰው ቀፎ ላለመንካት በማስተማሪያ ጽሑፎች ለምሳሌነት ደጋግሞ የሚጠቀሰውን 490154203237518 እንውሰድ። ሲነበብ አራት መቶ ዘጠና ትሪሊዮን፣ አንድ መቶ ሃምሳ አራት ቢሊዮን፣ ሁለት መቶ ሦስት ሚሊዮን፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ሰባት ሺህ፣ አምስት መቶ ዐሥራ ስምንት ነው። የሒሳብ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያገኝ እንደ ከብት ገዢ ጥርሱንና ሸኾናውን ማየቱ አይቀርም። መጨረሻው 8 ስለሆነ ተጋማሽ ነው። የአኃዞቹ ድምር 54 ስለሆነ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ተጋማሽም ስለሆነ ለ18 ይካፈላል ማለት ነው። ከቀኝ ጀምረን በሦስት በሦስት አኃዝ ከፍለን አንዱን እየደመርን ሌላውን እየቀነስን ብንሄድ፣ 518 ሲቀነስ 237፣ ሲደመር 203፣ ሲቀነስ 154፣ ሲደመር 490፣ ውጤቱ 820 ይሆናል። 820 ለ7ም፣ ለ11ም፣ ለ13ም ስለማይካፈል ትልቁ ቁጥርም ለሦስቱ አይካፈልም። ምክንያቱም 7፣ 11 እና 13 ሲባዙ 1001 ይሆናሉና ነው።

እነዚህ ሁሉ ባሕርያት እውነት ናቸው፤ ግን የአጋጣሚ ናቸው። በሌላ ቀፎ ላይ ያለው ቁጥር ለ18 ላይካፈል ይችላል። ከቁጥሩ ባሕርያት መካከል አንዱ ግን ታስቦበት የገባ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ እየቆጠርን ሁለተኛውን፣ አራተኛውን፣ ስድስተኛውን አኃዝ እያልን እጥፍ እናድርግ፤ እጥፉ ከዘጠኝ ከበለጠ ሁለቱን አኃዞቹን እንደምር፤ ለምሳሌ 14 ወደ 5 ይወርዳል። ያልታጠፉት 8፣ 5፣ 3፣ 3፣ 2፣ 5፣ 0 እና 4 ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። የሚታጠፉት 1፣ 7፣ 2፣ 0፣ 4፣ 1 እና 9 ደግሞ ወደ 2፣ 5፣ 4፣ 0፣ 8፣ 2 እና 9 ይለወጡና እነርሱም 30 ይሆናሉ። ጠቅላላ ድምሩ 60 ነው፤ ለ10 ያለ ቀሪ ይካፈላል። በእያንዳንዳችሁ ስልክ ላይ ያለው ቁጥርም እንዲሁ ይሆናል፤ ሞክሩት።

ሕጉን ያወጣው በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሐንስ ፒተር ሉን ሲሆን የፈጠራ መብት ማመልከቻውን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የባንክ ካርዶችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ከአሥራ አምስቱ አኃዞች የመጨረሻው ስለ ቀፎው ምንም አይናገርም። ሥራው ዘበኝነት ነው፤ ድምሩ ለ10 እንዲካፈል ለማድረግ ብቻ ተቀምጧል። አንድ አኃዝ ተሳስቶ ቢጻፍ ድምሩ የግድ ይነቃነቃል። ምክንያቱም የእጥፉ ሕግ ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኃዞች በቅደም ተከተል ወደ 0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 1፣ 3፣ 5፣ 7 እና 9 ስለሚለውጣቸው ሁለት የተለያዩ አኃዞች ወደ አንድ አይመጡም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ቢለዋወጡም ይያዛል፤ ከአንድ ጉዳይ በስተቀር። 0 እና 9 ቢታጠፉም ባይታጠፉም ያው ስለሆኑ 09 ወደ 90 ቢገለበጥ ዘበኛው አያይም። የእጅ ስልክ ቁጥሮቻችን ለረጅም ዓመታት በዚሁ በ09 መጀመራቸው ፈገግ የሚያሰኝ ነው።

ፈገግታው ግን ብዙ አይቆይም። የስልክ ቁጥሮቻችን ጭራሽ ዘበኛ የላቸውም። 09 ከሚለው በኋላ የሚመጡት ስምንት አኃዞች አንድ መቶ ሚሊዮን አማራጭ ይሰጣሉ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ከ80 ሚሊዮን አልፈዋል። እንግዲህ አንዱን አኃዝ ብትስቱ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ባዶ ቁጥር አይደለም፤ አንድ የማታውቁት ሰው ነው። ማንም ለማንም የማያነበው የቀፎ ቁጥር ተጠብቋል፤ ቀን ከሌት የምንጠራራው፣ ገንዘብም ጭምር የምንልክበት ቁጥር ግን ያለ አጥር ቆሟል። የዚህ ጸሐፊ ቅሬታ ከዚህ ይነሣል።

በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ ወይም በአንጋጫ ለሚኖር ሰው ረጅም ቁጥር እንግዳ ነገር አይደለም። ከ1990ዎቹ ወዲህ ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወጣት ብዙ ነው፤ በአንዳንድ ቀበሌ ልጅ፣ ወንድም ወይም ባል እዚያ የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ገንዘብ የሚመጣው በቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ የሚሄደው በአፍ ነው፤ ከደብተር ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ብጣሽ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ሌላ ሰው ስልክ።

አክስቴ ዶዮገና አጠገብ ይኖራሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስቀል ዋዜማ ጆሐንስበርግ ያለው ልጃቸው ለቅርጫና ለልብስ የሚሆን ገንዘብ ሊልክ የባንክ ሒሳብ ቁጥራቸውን ጠየቀ። እርሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ የልጅ ልጃቸው፣ ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደብተሩ አነበበለት። ልጁ ለጓደኛው ነገረ፤ ጓደኛው ሆሳዕና ላለ ሰው ነገረ፤ ያ ሰው ገንዘቡን አስገባ። ገንዘቡ አልደረሰም። በከምባታ የመሳላ በዓል ያለ ሥጋ ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ለአካባቢው ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ጎረቤት በሩ ላይ እያረደ አክስቴ ቤት ጭስ አልነበረም። በነገሩ ሁሉ የተወቀሰው ደግሞ ቁጥሩን ያነበበው ሕፃን ነው። ጥፊም ቀምሷል መሰለኝ።

ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ ባለቤት ደግ ሰው ሆነው ከአርባ ቀን በኋላ ተመለሰ። ደረሰኙንና የአክስቴን ደብተር ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳይ አንድም አኃዝ አልጎደለም፤ አንድም አልተጨመረም፤ አንድም ወደ ሌላ አልተለወጠም። ሁለት ጥንዶች ብቻ ቦታ ተለዋውጠው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን በአማርኛ ቁጥር እንዴት እንደምንጠራ እናስተውል። አኃዞቹን አንድ በአንድ አንጠራም። አርባ ዘጠኝ፣ ዜሮ አንድ፣ ሃምሳ አራት፣ ሃያ፣ ሠላሳ ሁለት እያልን ሁለት ሁለቱን እናያይዛለን። የሚሰማው ሰው በአእምሮው የሚይዘው ጥንዱን ነው፤ ስለዚህ ሲሳሳትም በጥንድ ይሳሳታል። “ሃምሳ አራት፣ ሃያ” የተባለውን “ሃያ፣ ሃምሳ አራት” ብሎ ይጽፋል። ከዚህ ሌላ የጆሮ ስሕተቶችም አሉን። ሠላሳና ስልሳ በተበላሸ መስመር አንድ ናቸው። “ሃያ፣ ሦስት” የሚለውም 203 ይሁን 23 የሚለየው በትንፋሽ ብቻ ነው። በከምባትኛ ሁለት ላሙ ሲሆን ሰባት ላማላ ነው፤ አምስት ኦንቱ ሲሆን ዘጠኝ ሆንሱ ነው። በሐዲይኛም ላሞና ላማራ፣ ኦንቶና ሆንሶ ይመሳሰላሉ። እነዚህ ግን አንድ አኃዝ ብቻ የሚለውጡ ወይም የቁጥሩን ርዝመት የሚያዛቡ ስለሆኑ ዘበኛ ያለው ቁጥር በቀላሉ ያጋልጣቸዋል።

የጥንዶች መለዋወጥ ግን ሌላ ነው። የሉን ሕግ አንዱን አኃዝ ትቶ ሌላውን የሚያጥፍ ስለሆነ አንድ ጥንድ ወደ ጎረቤቱ ጥንድ ቦታ ሲዛወር ይታጠፍ የነበረው አሁንም ይታጠፋል፤ የማይታጠፈውም አይታጠፍም። በምሳሌያችን ላይ 54 እና 20 ቦታ ቢለዋወጡ 490120543237518 እናገኛለን። ድምሩን ሥሩት፤ አሁንም 60 ነው። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ሌባውን እጅ ነሥቶ ያሳልፈዋል። በመጻሕፍት ጀርባ የምናየው ባለ አሥራ ሦስት አኃዝ ቁጥር፣ በ978 እና በኢትዮጵያ መለያ በ99944 የሚጀምረውም ጭምር፣ አንዱን አኃዝ በ1 ሌላውን በ3 እያባዛ የሚደምር ስለሆነ በዚሁ ዓይነት ስሕተት ይታለላል።

ሕጎቹን ያወጡት ሰዎች ሞኞች ስለነበሩ አይደለም። የራሳቸውን አገር ስሕተት ቆጥረው ነው የሠሩት። ሆላንዳዊው ያኮቡስ ቬርሁፍ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናቱ ከተመዘገቡት ስሕተቶች መካከል ከመቶ 79 ያህሉ የአንድ አኃዝ ለውጥ፣ 10 ያህሉ ደግሞ የሁለት ጎረቤት አኃዞች መለዋወጥ መሆናቸውን አሳይቷል። በእንግሊዝኛ አሥራ ሦስትና ሠላሳ በድምፅ ስለሚቀራረቡ ያንንም የሚይዝ ሕግ ተፈልጎለታል። በአማርኛ እነዚህ ሁለቱን የሚያምታታ ጆሮ የለም። የእኛ ጆሮ የሚያምታታው ሌላ ነው፤ እጃችንም የሚያገላብጠው ሌላ ነው። በውጭ አገር ጆሮ የተለካ ዘበኛ ቀጥረን ሌባችንን እንዲያውቅልን መጠበቅ የለብንም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ እንዲያውም አባቶቻችን በሚጽፉበት ቁጥር ውስጥ ተቀምጧል። 12345678 በግዕዝ ቁጥር ሲጻፍ ፲፪፻፴፬፼፶፮፻፸፰ ይሆናል። አጻጻፉን ልብ በሉ። ቁጥሩ በጥንድ በጥንድ ተከፍሏል፤ በጥንዶቹም መካከል ፻ እና ፼ እየተፈራረቁ ይገባሉ። አሁን 101 የሚለውን ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለውን) እናምጣ። መቶ ከ101 በአንድ ያንሳል። አሥር ሺህ ደግሞ 99 ጊዜ 101 ሲደመር 1 ነው። ስለዚህ አንድን ቁጥር ለ101 ስናካፍል የሚቀረውን ለማወቅ ማካፈል አያስፈልገንም፤ ከኋላው ፻ ያለውን ጥንድ መቀነስ፣ ፼ ያለውን ወይም ምንም የሌለውን ጥንድ መደመር ይበቃል። 78 ሲቀነስ 56፣ ሲደመር 34፣ ሲቀነስ 12፤ ውጤቱ 44 ነው። ከዜሮ በታች ከወረደ 101 መጨመር ነው። በእርግጥም 122234 ጊዜ 101 ብለን 44 ስንጨምር 12345678 ይመጣል።

የግዕዝን ቁጥር የሠሩ ሊቃውንት ይህን አስበው ነው ለማለት አልደፍርም፤ እንዲህ ዓይነቱ ትምክህት ለሳይንስም ለቅርስም አይበጅም። የምለው፣ በጥንድ የሚጽፍና በጥንድ የሚጠራ ሕዝብ በጥንድ የሚቆጣጠር ሕግ ይስማማዋል ነው። ቀሪ ይዞ ማስላትም ለእኛ ባዕድ ጥበብ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ ከሥር መሠረቱ የቀሪ ሒሳብ ነው። ለ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው 12 አበቅቴ ነው፤ 12 በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው 18 መጥቅዕ ነው። የቤተ ክህነት ተማሪ ይህን በቃሉ ይሠራል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ቀሪ ማለት ልጆች ማካፈሉ ሲያልቅ ጥግ ላይ ጽፈው የሚረሱት ነገር ሆኗል።

የ101 ቀሪ ከቁጥሩ ኋላ ተጽፎ ቢጠራ ምን ይይዛል? የአንድ አኃዝ ስሕተትን ሁሉ ይይዛል። የሁለት ጎረቤት አኃዞች መለዋወጥን ሁሉ ይይዛል፤ 09 እና 90ን ጨምሮ። አንድ ጥንድ እንዳለ በሌላ ጥንድ ቢተካም ይይዛል፤ የሁለት ጥንዶች ልዩነት ከ99 ስለማይበልጥ 101 ሊደርስ አይችልምና። ጎረቤት ጥንዶች ቢለዋወጡስ? ቁጥሩ የሚለወጠው በጥንዶቹ ልዩነት 99 ጊዜ ነው፤ 101 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነና 99ንም ልዩነቱንም ስለማያካፍል ስሕተቱ ሁልጊዜ ይጋለጣል። 12 34 56 78 የነበረው 12 56 34 78 ተብሎ ቢጻፍ ቀሪው ከ44 ወደ 88 ይዘላል። ያ የቀፎ ምሳሌያችንም ትክክለኛው ለ101 ሲካፈል 76 ይቀረዋል፤ የተዛባው ግን 2 ብቻ።

“አሁን እኮ በስልክ መተግበሪያው ላይ የተቀባዩ ስም ይወጣል፤ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?” የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ስሙ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ግን ስሙን የሚያየው ማን ነው? በአክስቴ ጉዳይ ገንዘቡን ያስገባው ሦስተኛ ሰው ነበር፤ የአክስቴን ስም አያውቅም፤ የተሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። በዚያ ላይ በአገራችን አንዲት ሴት በሰፈር የምትጠራበትና በመታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ብዙ ጊዜ ይለያያል። የሐዲያና የከምባታ ስሞች ደግሞ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ጸሐፊው እንደሰማው ነው። ስም የሰውን ልብ ይጠይቃል፤ ቀሪ የሚጠይቀው መደመርና መቀነስ ብቻ ነው።

ስለዚህ አዲስ ቁጥር የሚያወጡ ሁሉ፣ ባንኮችም ሆኑ ብድርና ቁጠባ ተቋማት፣ የውኃና የመብራት ደንበኛ መለያ የሚሰጡም፣ ቁጥሩን ከመበተናቸው በፊት አንድ ጥያቄ ሊጠይቁ ይገባል፦ ይህ ቁጥር በስልክ ሲነበብ ጥንዶቹ ቢለዋወጡ ያውቅ ይሆን? በአውሮፓና በሌሎች አገሮች የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በ97 ስለሚረጋገጥ ይህን ያውቃል። ዋጋው ሁለት አኃዝ ነው። ቁጥሮቹ በሚሊዮን ከተበተኑ በኋላ ግን ማንም አይመልሳቸውም።

ሁለተኛው ነገር ለእኛው ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነው። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕናም በዱራሜም ተማሪዎች አሉት፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በአማርኛ፣ በሐዲይኛና በከምባትኛ ቁጥር ይጠራሉ። ሃምሳ ሰው ተቀምጦ ሃምሳ ሰው በስልክ የሚያነብለትን ባለ አሥራ ሦስት አኃዝ ቁጥር ቢጽፍ፣ ስሕተቶቹም በዓይነት በዓይነት ቢቆጠሩ፣ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል አይጠይቅም። ለመመረቂያ የሚሆን ርእስ ጠፋ እያሉ የሰውን ጽሑፍ ስም ቀይረው የሚያቀርቡ ተማሪዎች በበዙበት ጊዜ እንዲህ ያለ ርእስ መንገድ ላይ ወድቆ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ወደ አክስቴ ቤት ልመለስ። ባለፈው ክረምት ዶዮገና ሄጄ ለዚያ ልጅ የ101ን ነገር አሳየሁት። አሁን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። በደብተሩ ሽፋን ላይ ከአያቱ የሒሳብ ቁጥር ኋላ ሰረዝ አድርጎ ቀሪውን ጻፈ፤ አያቱም “ጅራቱ” ይሉት ጀመር። አጎቱ ከጆሐንስበርግ ሲደውል ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ጅራቱንም ተቀብሎ፣ ራሱ ደምሮ ቀንሶ “ልክ ነው” ሳይል ስልኩን እንዳይዘጋ ተስማሙ።

በማግስቱ ጠዋት ግን ልጁ ፊቱን አጥቁሮ መጣ። 12 34 56 78 የሚለውን ምሳሌዬን ወስዶ የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ጥንድ አለዋውጦ ነበር፤ 56 34 12 78። 78 ሲቀነስ 12፣ ሲደመር 34፣ ሲቀነስ 56፤ ያው 44። “ጋሼ፣ ይሄ አያውቅም” አለኝ። እውነቱን ነው። አንድ ጥንድ ተዘልሎ ቢለዋወጥ ሁለቱም የሚቀነሱ ወይም ሁለቱም የሚደመሩ ስለሆኑ 101 ያልፈዋል። የሉንን ዘበኛ ስነቅፍ የነበርኩት ሰውዬ ከአንድ ሕፃን ፊት ተያዝኩ።

ያን ዕለት ወደ 97 ተሸጋገርን። መቶ ለ97 ሲካፈል 3 ይቀራል። ስለዚህ ከግራ በመጀመሪያው ጥንድ ተነሥቶ በሦስት እያባዙ ቀጣዩን ጥንድ መጨመር፣ ከ97 ሲበልጥ 97ን እየጣሉ መሄድ ነው። 12 በሦስት 36፣ ሲደመር 34፣ 70 ይሆናል። 70 በሦስት 210፣ ሲደመር 56፣ 266፤ ሁለት ጊዜ 97 ሲጣል 72። 72 በሦስት 216፣ ሲደመር 78፣ 294፤ ሦስት ጊዜ 97 ሲጣል 3። ልጁ ያለዋወጠው ቁጥር ግን 89 ሰጠ። ከ101 ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ይደክማል፤ የተዘለሉ ጥንዶችን ግን አይምርም። ክፍተቱም ሌላ ቦታ ነው። 97 እና 00፣ 98 እና 01፣ 99 እና 02 አንዱ በሌላው ቢተካ ወይም ቦታ ቢለዋወጡ አያይም። ይህንን ቀድሜ ነገርኩት፤ ዳግመኛ ለመያዝ አልፈለግሁም።

“ምንም ቀዳዳ የሌለውስ የለም?” ብሎ ጠየቀኝ። ባለ ስምንት አኃዝ ቁጥር መቶ ሚሊዮን እንደሆነ፣ ባለ ሁለት አኃዝ ጅራት ግን ቢበዛ መቶ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። እንጨት እያመጣ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠና ሲያካፍል ቆየ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጅራት በአማካይ አንድ ሚሊዮን ቁጥሮች ይጋሩታል ማለት ነው አለኝ፤ አያቱም ከወዲያ ሆነው የማን ሚሊዮን እንደሆነ ጠየቁ።